መደርደሪያው 890፣ ካሸሯ ጋ 985፦ ሳትቆጥሩ እንዳትከፍሉ

ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈራችን ያለ ሱፐርማርኬት ገብቼ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ዛሬ እዚያ ያየሁት ነገ እናንተ ሰፈር ስለማይቀር። ባለ 3 ሊትር ዘይት መደርደሪያው ላይ 890 ብር ይላል። ሁለት አነሳሁ። ማካሮኒና ኦሞ ጨምሬ ወረፋ ያዝኩ። ድምሩ ሲነገረኝ በልቤ ከያዝኩት በለጠ። "እስቲ ዘይቱ በስንት ነው የገባው?" አልኳት ካሸሯን። በ985። ሁለቱ ላይ ብቻ 190 ብር!

"እሱ የድሮ ዋጋ ነው ወንድሜ፣ ትክክለኛው ሲስተሙ ላይ ያለው ነው።"

ልጅቷ ላይ አልፈርድም፤ ዋጋ የምትለጥፈው እሷ አይደለችም። ተመልሼ መደርደሪያውን አየሁት፤ ዋጋውንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ወረቀቱ ሌላ ወረቀት ላይ ነው የተለጠፈው፤ ጫፉን በጥፍሬ ገለጥ ሳደርገው 840። ስለዚህ መለጠፍ ያውቁበታል።

ዋጋ ለምን ጨመረ አላልኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል። ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ዋጋ ቢቀይር አይገርመኝም። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ለመቀየር ጊዜ ያገኘ ሰው ወረቀቱን ለመቀየር ጊዜ አጣሁ አይበለኝ። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ እንኳ ለእኔ ባዳላ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሲስተሙ ከመደርደሪያው ረክሶ አላየሁም።

ሕጉም ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሚለጠፈው ለጌጥ አይደለም፤ እኔ እሱን አይቼ ነው ከኪሴ ጋር የተማከርኩት።

ሌላ ሱቅ ደግሞ "ቫት አልተጨመረበትም" ይሏችኋል፤ 1,000 ብር ብላችሁ ያነሳችሁት 1,150 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ዕቃውን ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። የፈሳሽ ሳሙናና የዘይት ጠርሙስም እዩ፣ ሊትር የሚመስለው 900 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል።

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ውድ ውዱን ዕቃ ከነዋጋው በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ካሸሯ ስትመታ ወሬ አቁሜ ስክሪኑን አያለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም ያጉረምርም። "ያለ ደረሰኝ ላስቀንስልህ" የሚለውን እምቢ እላለሁ፣ ምክንያቱም ወረቀት ከሌለኝ ነገ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የማሳየው ነገር የለኝም።

የዚያን ቀን ሥራ አስኪያጁ መጣ። ፎቶውን አሳየሁት። አየት አድርጎ "ለእርስዎ በ890 እናስተካክላለን" አለኝ። ለእኔ! ከኋላዬ የተሰለፉት ሦስት ሰዎች ቅርጫት ውስጥ ያው ዘይት አለ፤ አንዷ ሴትዮ "ለእኛስ?" ስትል ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እሷም አልተወችውም፣ በ890 ከፍላ ወጣች። የተቀሩት ሁለቱ በ985 ከፈሉ።

ማክሰኞ በዚያ ሳልፍ ገብቼ አየሁት። መደርደሪያው አሁንም 890 ይላል።