የዳማን አፍ ከፍተው ላዩልኝ ዶክተር

ሰላም ባለጋሪዎችና ፈረስ ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ የቢሾፍቱ ሰዎች። ፈረሴን ዳማን የምታውቁት በክረምቱ እንዴት እንደከሳ አይታችኋል፤ ጎድኑ ይቆጠር ነበር። ትል ነው ተባልኩ፣ ሁለት ጊዜ መድኃኒት አጠጣሁት። ምግብ አንሶት ነው ተባልኩ፣ ፉርሽካ ጨመርኩለት። እሱ ግን ገለባውን አኝኮ አኝኮ፣ በምራቅ እንደራሰ አድቦልቡሎ ይጥለዋል። ልጓም ላገባለት ስል ራሱን እየወረወረ ሲያስቸግረኝ አመል አወጣ ብዬ አለንጋ አንስቼበታለሁ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ወር ያዩልኝ የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ ፋንድያውን በእንጨት በትነው ተመለከቱ። ረጃጅም ገለባ ሳይደቅ ወጥቷል። "ችግሩ አፉ ውስጥ ነው" አሉኝ። የማረጋጊያ መርፌ ወግተው፣ አፉን በብረት መክፈቻ ይዘው በባትሪ አሳዩኝ። የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ እንደ ምላጭ ሾሎ ጉንጩን አቁስሎታል።

የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ፣ በማኘክ እየተበላ የሚኖር ነው፤ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል ግን የጥርሱ ጠርዝ እኩል አይበላም፤ የላዩ በጉንጭ በኩል፣ የታቹ በምላስ በኩል ይሾላል። ሣርና ድርቆሽ መንጋጋውን ወደ ጎን በደንብ ያስኬዱታል፣ ፉርሽካና እህል ግን ያን ያህል አያስኬዱትም። እኔ ደግሞ ያንኑ ፉርሽካ ነበር የምጨምርለት!

ዶክተር የሾለውን በረጅም ሞረድ ሞርደው አስተካከሉት። ጫፉ ስሜት ስለሌለው ዳማ ጸጥ ብሎ ቆመ። በጉጠት መቁረጥ ግን ጥርሱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ማንም እንዳይሞክረው አስጠንቅቀዋል። ያስከፈሉኝ ለትል መድኃኒትና ለፉርሽካ ካወጣሁት ያነሰ ነው።

እባካችሁ እስኪከሳ አትጠብቁ። በዓመት አንዴ አስመርምሩ፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለው ፈረስ የወተት ጥርሱን ስለሚቀይር በየስድስት ወሩ ይታይ። አፉ ከሸተተ፣ ሲያኝክ ራሱን ካዘመመ፣ ልጓም ከጠላ ደግሞ ቶሎ ሐኪም ጥሩ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ዳማን ያገኘሁት ድርቆሹን ጨርሶ ገንዳውን ሲልስ ነው።