ደሴ ላይ ክስም ሆነ አቤቱታ ለምታስጽፉ

ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ክስና አቤቱታ የምትጽፍ አንዲት ራፖር ጸሐፊ አለች፤ ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናት ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ።

ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተካሰን ነበር። ይህን የምጽፈው እርሱም ፈቅዶ ነው። ውርስ ያካሰሰው ሰው ያውቀዋል፤ ለጸሐፊ የሚነገረው በቤቱ ስፋትና ግምት አያበቃም። አባት ከሌላ የወለዱት ልጅ፣ ለሕክምና የተበደሩት ገንዘብ፣ ማን አስታመመ፣ ማን ሸሸ፣ ሁሉም ይወጣል። ደሴ ደግሞ ሆጤ ሰፈር አቦል ላይ የተወራ ነገር በረካው ሳይቀዳ ሳላይሽ ሰፈር የሚደርስበት ከተማ ነው።

ስገባ ወረፋ የያዙትን ሰዎች ውጭ እንዲቀመጡ በትሕትና ጠየቀቻቸው። «አብሽሩ እትዬ፤ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለችኝ። ጽፋ ስትጨርስም ጮክ ብላ አላነበበችውም፤ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙራ ራሴ እንዳነብ አደረገች። በስሕተት የታተሙትን ገጾች ቀዳደደቻቸው። ይህን እንደ ቀላል አትዩት፤ የተበላሸ የክስ ወረቀት፣ የሰው ስም እስከ አያቱ ተጽፎበት፣ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ሲጠቀለልበት በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻም ፋይሉን በፍላሽ ሰጥታኝ፣ ከኮምፒውተሯ ላይ እያየሁ አጠፋችው። የግል መረጃ ከሚፈለግበት ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ የእኔ ክስ የተጻፈው ከዚያ በፊት ነበር።

ከሁሉ የገረመኝን የሰማሁት ግን ሽማግሌ ገብቶ ከታረቅን በኋላ ነው። ወንድሜ መጥሪያ ሲደርሰው መልሱን ሊያስጽፍ የሄደው፣ ሳያውቅ፣ እርሷው ዘንድ ኖሯል። ወረቀቱን ገልጣ ስሞቹን እንዳየች አጥፋ መለሰችለት። «ጋሼ፣ ይህን እኔ ልጽፍልዎት አልችልም፤ ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ይሂዱ።» ለምን ቢላት ዝም። ክሱን ማን እንደጻፈው እንኳ አልነገረችውም። ያኔ ተቆጥቶ ወጣ፤ ዛሬ የራሱን ጉዳይ የሚያስጽፈው እርሷ ዘንድ ነው።

ጠበቃ፣ ሐኪም ወይም ነርስ የሙያ ምስጢር ቢያወጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ይጠየቃል። ከተንታ፣ ከኩታበር፣ ከደላንታ መጥቶ ለጠበቃ የሚከፍለው ያጣ ሰው ግን ሆዱን የሚከፍተው ለራፖር ጸሐፊ ነው። እርሷን ቃለ መሐላ ያስገባት የለም፤ በኅሊናዋ ነው የምትሠራው። ለዚህ ነው ከልቤ የማከብራት። እኅቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ልጆችሽ ለቁም ነገር ይብቁልሽ።

ዋጋዋ ከሌሎቹ አይበልጥም። ሰኞ ገበያተኛ ስለሚበዛ በሌላ ቀን ብትሄዱ ይሻላል። መታወቂያችሁን፣ የሰነዶቻችሁን ዋናና ቅጂ ያዙ። ቦታዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።