ከአሮጌ ባትሪ የተሠራው ጥቁር ባልዲ
ከምናለሽ ተራ ጥቁር ባልዲ ከገዛሁ አምስት ወር ሆነኝ። ሻጩ «የባትሪ ፕላስቲክ ነው፣ አይሰበርም» ሲለኝ የነጋዴ ወሬ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ውሃ እንደሞላ ከደረጃ ላይ ተንከባሎ ወርዶ የወለቀው እጀታው ብቻ ነው፣ እሱንም በሽቦ አስሬው ይኸው መኪና እያጠብኩበት ነው። በፊት የነበረኝ ቀዩ ባልዲ እኮ ሁለት ወር ፀሐይ ሲመታው እንደ ብስኩት ነው የተፈረፈረው! ዋጋውም ቢሆን ከአዲሱ ይረክሳል።

ጥንካሬው ከቀፎው ነው የመጣው። የመኪና ባትሪ ቀፎ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን (ባጭሩ ፒፒ) የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አሲድ አይበላውም፣ የሞተሩን ሙቀትና ንዝረትም ይችላል። አሮጌ ባትሪ ካላችሁ ዙሪያውን እዩት፣ «PP» የሚል ምልክት ልታገኙ ትችላላችሁ። ባልዲው ላይ ግን ምንም አልተጻፈም።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። አንደኛ፣ ሳምንት ሙሉ የተቃጠለ ጎማ ይሸት ነበር። እሱስ ለቀቀ። ዋናው እጥበቱ ነው። በደንብ በሚሠራበት ፋብሪካ ባትሪው በማሽን ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ፕላስቲኩ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ደግሞ ከውሃ 11 እጥፍ ስለሚከብድ ይዘቅጣል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ በደንብ ታጥቦ ነው የሚቀልጠው። ቁራሌው የለቀመው ባትሪ በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ አሲዱ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ቀፎው ለቅለቅ ብቻ ተደርጎ ከቀለጠስ? የእርሳሱ ዱቄት አብሮት ገባ ማለት ነው። ሻጩን «በምን አጠባችሁት?» ብለው «በኦሞ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እናቴ ደግሞ ገና ስታየው «ይሄማ ለሊጥ ነው» ብላ ልትወስደው። «እማዬ፣ እባክሽ ተይው፣ መርዝ ሊኖረው ይችላል» ብላት «ሰዉ ሁሉ ውሃ ያጠራቅምበት የለ እንዴ!» ብላ ተቆጣችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ነው የሚለው፣ የሚብሰው ደግሞ በልጆች አእምሮ ላይ ነው። የልጅ ልጇን ስጠራባት ነው የተወችው።

ለመኪና፣ ለወለል፣ ለሲሚንቶ ከሆነ ግዙት፣ እኔም ሁለተኛ እጨምራለሁ። ለሚጠጣ ውሃና ለሚበላ ነገር ግን በጭራሽ። እኔ በነጭ ቀለም «የመኪና» ብዬ ትልቅ አድርጌ ጽፌበታለሁ። እናቴ አሁን ቡና ስትለቅም ገልብጣ ትቀመጥበታለች።