«ቸርፕስ»፦ የስቲቭ ሌሲና የኢቫን ፓርከር የበርሊን ኮንሰርት

«ቸርፕስ» አሜሪካዊው ስቲቭ ሌሲና እንግሊዛዊው ኢቫን ፓርከር እ.ኤ.አ. በጁላይ 1985 በምዕራብ በርሊን፣ ሃውስ አም ቫልድዜ በተባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ ቤት ለሕዝብ ያቀረቡትን ኮንሰርት የያዘ የፍሪ ጃዝ አልበም ነው። ሁለቱም የሚነፉት ሶፕራኖ ሳክስፎን ብቻ ሲሆን፣ አጃቢ ከበሮም ሆነ ቤዝ ወይም ፒያኖ የለም፤ የሚሰማው ሁሉ እዚያው መድረክ ላይ የተፈጠረ ነው። አሳታሚው ኤፍኤምፒ ከ1969 ጀምሮ የአውሮፓን ነጻ ሙዚቃ፣ ማለትም አስቀድሞ ሳይጻፍ እዚያው የሚፈጠር ሙዚቃን፣ ሲያሳትም የኖረ የበርሊን ድርጅት ነበር። መጀመሪያ በሸክላ የወጡት «ፉል ስኬል» እና «ሪሌሽንስ» የተባሉት ሁለት ረጃጅም ሥራዎች ሲሆኑ፣ አልበሙ በኋላ በሲዲ ሲታተም «ትዊተሪንግ» የተባለ አጠር ያለ ሦስተኛ ሥራ ተጨምሮበታል። ሶፕራኖ ድምፁ ቀጭን፣ ቅኝቱን ጠብቆ ለመንፋትም አስቸጋሪ መሣሪያ በመሆኑ፣ ሁለት ሶፕራኖ ብቻውን አንድ አልበም ይሞላል ሲባል ጆሮ የሚያደክም ነገር ይመስላል። አልበሙን ደጋግሜ ካዳመጥሁ በኋላ ግን በነጻ ሙዚቃ ውስጥ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚደማመጡ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቅጂ ለመጠቆም እቸገራለሁ።

ሁለቱ ነፊዎች የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው። በ1934 በኒው ዮርክ የተወለደው ሌሲ ዲክሲላንድ ከተባለው ከጥንቱ የጃዝ ስልት ተነሥቶ በ1950ዎቹ ከፒያኒስቱ ከሲሲል ቴይለር ጋር የሠራ፣ የጃዝ ፒያኒስቱን የቴሎኒየስ መንክን ድርሰቶች ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምር የኖረና ከሳክስፎን ሁሉ ሶፕራኖን ብቻ መርጦ የያዘ ሰው ነው። ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ ሲሆን፣ አንዲት ትንሽ ሐረግ ይዞ በትንሹ እየለወጠ ይመላለስባታል፤ ቃል እንደሚቆጥብ ተናጋሪም መሀል ላይ ዝም ማለትን አይፈራም። በ1944 በብሪስቶል የተወለደው ፓርከር ደግሞ በ1970 ከጊታሪስቱ ከዴሪክ ቤይሊና ከከበሮ መቺው ከቶኒ ኦክስሊ ጋር ኢንከስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ የመሠረተ፣ ድምፁ ወፈር ካለው ከቴነር ሳክስፎን ጎን ለጎን ሶፕራኖን እጅግ ሩቅ የወሰደ ነፊ ነው። ጉንጩ ውስጥ ባጠራቀመው አየር እየነፋ በአፍንጫው አዲስ አየር ስለሚስብ፣ ድምፁ ሳይቋረጥ ለብዙ ደቂቃዎች ይቀጥላል፤ በዚያ ላይ ጣቶቹንና ከንፈሩን በተለያየ ፍጥነት ስለሚያንቀሳቅስ፣ ከአንዱ መሣሪያ ሁለትና ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ይመስላል።

ስለዚህ ፓርከርን የሚያውቅ አድማጭ አስቀድሞ የሚሰጋው ይህ የማያቋርጥ ድምፅ የሌሲን ቁጥብ ሐረጎች እንዳይውጣቸው ነው። ፓርከር ግን ረጅም ትንፋሹን አብዛኛውን ጊዜ ይገታውና በአጫጭር፣ በተቆራረጡ፣ አንዳንዴም ዜማ ሊሆኑ ምንም በማይቀራቸው ሐረጎች ወደ ሌሲ ይጠጋል። ሌሲም በበኩሉ ጥርት ያለ ድምፁን ትቶ መሣሪያውን ያስጮኸዋል፣ ያንሾካሹክበታል፣ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ያሰኘዋል። አንዱ የጀመረውን ሌላው አይጨርስለትም፤ ጎኑ ላይ ሌላ ነገር ያስቀምጥና ሁለቱ አብረው ምን እንደሚሆኑ ይጠብቃል። የእምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው ያላቸውን ጥቂት ድምፅ በየተራ እየጣሉ አንድ ዜማ በጋራ እንደሚሠሩ ሁሉ፣ እዚህም ሙሉውን ነገር የያዘ አንድ ሰው የለም።

በጣም የወደድሁት ሁለቱ በላይኛው የድምፅ ክልል እጅግ ተቀራርበው የሚቆዩባቸውን ቦታዎች ነው። አንዱ ቀጭን ድምፅ ይዞ ሲቆይ ሌላው በጥቂቱ ብቻ የተለየ ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ያልነፉት እርግብግብታ በመካከላቸው ይሰማል። ነገሩ የተለመደ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ አንዱ ድምፅ በሴኮንድ 1000 ጊዜ፣ ሌላው 1004 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ጆሮ በሴኮንድ አራት ምት ይሰማል። ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ቢሆኑ ኖሮ ይህ በቀላሉ በድምፀታቸው ልዩነት ይሸፈን ነበር። ሁለት ሶፕራኖ መምረጣቸው ምን እንዳስገኘ ለእኔ ግልጽ የሆነልኝ እዚህ ላይ ነው።

እንከን የለውም አልልም። «ፉል ስኬል» መካከሉ ላይ ሁለቱም ከመጠን በላይ ተጠንቅቀው፣ ማንም ቀድሞ ውሳኔ ሳይወስድ የሚቆዩበት ረዘም ያለ ስፍራ አለው፤ በመድረኩ ፊት ለነበረ ሰው ጥበቃው ራሱ ልብ ሰቃይ ሊሆን ይችል ነበር፣ ቤት ውስጥ ለሚያዳምጥ ግን ይንዛዛል። ሁለቱን መለየትም መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ቢሰሙት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጩኸት ብቻ ስለሚሆን፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ የግድ ያስፈልጋል። «ሪሌሽንስ» በአንጻሩ ከመነሻው ጀምሮ የጠነከረ ነው፤ ለእኔ የአልበሙ ምርጥ ክፍል እርሱ ነው።

ሳክስፎን ሲባል የጌታቸው መኩሪያን ሽለላና ፉከራ ለሚያስታውስ አድማጭ ይህ አልበም ትንሽ፣ እንዲያውም ዓይን አፋር ሊመስለው ይችላል፤ ደረት የሚነፋ ድምፅ አያገኝበትም። ለነጻ ሙዚቃ አዲስ የሆነ ሰው ከመጨረሻው፣ ከ«ትዊተሪንግ» ቢጀምር እመክራለሁ፤ አጭር በመሆኑ የሁለቱን ጠባይ ሳይሰለቹ ለመለየት ያስችላል። ከዚያ «ሪሌሽንስ»ን አንድ ጊዜ ሌሲን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ፓርከርን ብቻ እየተከተሉ ማዳመጥ ይጠቅማል። አልበሙን የወደደ ሰው ሁለቱ በ1992 በዚያው በበርሊን ከሦስተኛ ሶፕራኖ ነፊ ከሎል ኮክስሂል ጋር የቀረጹትንና ኤፍኤምፒ ያሳተመውን «ስሪ ብሎክስ» ቢያስከትል መልካም ነው፤ የእኔ ምርጫ ግን አሁንም የ1985ቱ ነው።