ግድግዳ ማፍረስ ወይስ በጓሮ በኩል ክፍል መቀጠል?

አዲስ አበባ ውስጥ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ የቆየ የቤተሰብ ቤት ሳሎኑ ሲጠብ፣ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ አፍርሶ ማስፋት ወይም በጓሮ በኩል አዲስ ክፍል መቀጠል ይቻላል። ማፍረሱ በወጪ ቀለል ይላል፤ ነገር ግን የውስጥ ግድግዳም ጣሪያውን የተሸከሙ ቋሚዎች ሊኖሩት ስለሚችሉ፣ ኮርኒሱ ተከፍቶ የጣሪያው እንጨት የት እንዳረፈ ሳይታይ፣ የቋሚዎቹም ግርጌ በምስጥ አለመበላቱ ሳይረጋገጥ መዶሻ መነሳት የለበትም። ቅጥያው ደግሞ የግንባታ ፈቃድና የራሱ መሠረት ይፈልጋል፤ አዲሱ ብሎኬት ከአሮጌው ጭቃ ጋር የሚገናኝበት መስመር በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ጣሪያዎቹ የሚጋጠሙበት ቦታም በደንብ የተበጀ አሸንዳ ከሌለው የክረምቱ ውኃ ወደ ጭቃው ይወርዳል። ያም ሆኖ አያቶች አብረው በሚኖሩበት ቤት መኝታ ቤት ማጣት ከባድ ስለሆነ፣ ጓሮው የሚበቃ ከሆነ ቅጥያውን እመርጣለሁ።