ደሴ ፒያሳ ያለችው ቆሎ ቤት፦ ቆሎ በጆሮም ይቀመሳል

ደሴ ውስጥ ቆሎ የሚሸጥ ሞልቷል። እኔ የምመርጠው ግን ፒያሳ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችውን ጠባብ ቤት ነው። የገብስ ቆሎዋ አንደኛ ነው። ገብሱ በደንብ ተሸክሽኳል፣ ገለባ ጥርስ መሃል አይሰነቀርም። አቆላሉም እኩል ነው፤ ጥሬ የቀረ ወይም ያረረ አታገኙበትም።

ባለቤቷ ከማስቀመሳቸው በፊት ያስደምጣሉ። «እትዬ፣ የዛሬ ነው?» ስላቸው «አብሽር ልጄ፣ አሁን ከምጣድ መውጣቱ ነው። ስማው እስኪ» ይሉኛል። እፍኝ ሙሉ ዘግነው ከፍ አድርገው ሰፌዱ ላይ ያወርዱታል። የደረቀው ሲወርድ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ይንሿሿል። እርጥበት የያዘው ድምፁ ይታፈናል።

ስራዬ ሰርግ ላይ ድምፅ ማስተካከል ስለሆነ ይሄ ነገር ደስ ይለኛል። እውነትም አላቸው። ስንቆረጥም አንጎላችን የጥርስና የምላስን ወሬ ብቻ አይሰማም፣ ጆሮንም ይጠይቃል። ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒና ቻርለስ ስፔንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ማይክ ፊት ድንች ቺፕስ እየነከሱ የሚነክሱበትን ድምፅ በሄድፎን እንዲሰሙ አደረጉ። ድምፁ ሲጨመር፣ ወይም ትሬብሉ (ቀጭኑ የድምፅ ክፍል) ብቻ ከፍ ሲል፣ ሰዎቹ ቺፕሱ ይበልጥ ቀጭ ቀጭ የሚልና ትኩስ ነው አሉ። ቺፕሱ ግን ያው ነበር!

በእጅም እንዲሁ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ፊንላንዳውያኑ ቬይኮ ዩስማኪና ሪታ ሃሪ ሰዎች መዳፋቸውን እያፋተጉ ድምፁን በሄድፎን እንዲሰሙ አድርገው ነበር። ትሬብሉ ሲጨመር የገዛ ቆዳቸው እንደ ወረቀት ደረቀባቸው። ድምፁ ዘግየት ብሎ ሲደርስ ግን ስሜቱ ይዳከማል። ቆዳም ጆሮም የሚይዙት ንዝረት ነው። ሁለቱ እኩል ከደረሱ አንጎል ከአንድ ነገር የመጡ አድርጎ ያዋህዳቸዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ የማዞራት ያቺ የትሬብል ቁልፍ ቆዳ ድረስ መድረሷ እስካሁን ይገርመኛል።

ወደ ቆሎው ልመለስ። ሱፍ የተቀላቀለበት ገብስ ምርጥ ነው፣ ሱፉ ለስለስ ሲል ገብሱ ይበልጥ ይሰማል። ዳቦ ቆሎውን አልመክርም፤ ዘይት በዝቶበታል፣ ሲነከስም ድምፅ የለው። ምራቂ ላይ እጃቸው አይሰስትም።

ቅሬታዬ ማሸጊያው ላይ ነው። ስስ ፌስታል ነው የሚሰጡት። ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ፣ ጠዋት የተገዛው ማታ ለዝዞ ይጠብቃችኋል። ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ በደስታ ይሞሉላችኋል። ደግሞ በጊዜ ሂዱ፤ ሲመሽ የሚቀረው ሽምብራ ብቻ ነው።