ፍቺውን አውቆ አጠቃቀሙን ላጣ ተማሪ፦ ስለ ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ

አዲስ አበባ ውስጥ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ወላጆች «የትኛውን ዲክሽነሪ እንግዛላቸው?» ሲሉኝ መልሴ ተቀይሮ አያውቅም። ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ፤ ደረጃቸው ከፍ ላሉ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ነው። ለመግዛት አቅም ከሌለ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለው ነፃው ገጽ በቂ ነው።

ይህ መጽሐፍ ከጅምሩ ለእንግሊዞች አልተጻፈም። ዋናው አዘጋጁ አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መጽሐፍ በጦርነቱ መሀል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1942፣ ቶኪዮ ውስጥ ታተመ። ኦክስፎርድ በ1948 አወጣው፤ አሥረኛው እትም ደግሞ በ2020 ወጣ። ሆርንቢ አጥብቆ የያዘው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ግሥ ከኋላው ምን ይከተለዋል? የእኛን ልጆች የሚጥላቸውም እሱው ነው።

ዲስከስ የሚለውን ቃል ውሰዱ። እኛ በአማርኛ «ስለ ችግሩ ተወያየን» እንላለን። ልጁም እንግሊዝኛውን ሲጽፍ «ስለ» እንዳይቀርበት ዲስከስ ካለ በኋላ አባውት ይጨምራል። ይህን ስህተት ተማሪ ደብተር ላይ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይም አገኘዋለሁ። የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት «ተወያየ» ይላል። ልክ ነው። ግን ልጁ ያንን ድሮም ያውቀዋል። ኦክስፎርዱ ከቃሉ አጠገብ ግሡ ተሳቢውን በቀጥታ እንደሚወስድ ያሳያል። ዝቅ ብሎ ደግሞ አባውት እንደማይከተለው ለይቶ ያስጠነቅቃል፤ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ራሱን ጽፎ ሰርዞ ያሳያል። ዲስከሽን የሚለውን ስምም እንዲያይ ይመራዋል፤ እዚያ ሲደርስ አባውት ትክክለኛ ቦታዋን ታገኛለች። ልጁ አንድ ቃል ሊፈልግ ገብቶ ለዓመታት የያዘውን ስህተት ጥሎ ይወጣል። እኔ በቃሌ ስነግረው በሳምንቱ ይረሳዋል። ራሱ ሲያገኘው ግን ይይዘዋል።

ሰጀስትም እንዲሁ ነው። «ጥሩ ምግብ ቤት ጠቆመችኝ» ለማለት ሰጀስትድ ሚ የማይል ተማሪ ብርቅ ነው። መጽሐፉ ይህንንም ያውቀዋል፤ እንዲህ አይባልም ብሎ አስቀምጦታል።

ሌላው የምወድለት ነገር ፍቺዎቹ የተጻፉበት ቋንቋ ነው። ለእንግሊዞች የተዘጋጁት ትልልቅ መዝገበ ቃላት ለእኛ ተማሪ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ናቸው። አንዱን ከባድ ቃል ለመረዳት ሌላ ሁለት ከባድ ቃል መፈለግ አለበት። እዚህ ግን ፍቺው በ3000 ገደማ መሠረታዊ ቃላት ነው የሚጻፈው። የአሥረኛ ክፍል ልጅ በደህና መሠረት ከመጣ፣ ፍቺውን አንብቦ ይገባዋል። በዚያ ላይ ዋና ዋናዎቹ ቃላት ምልክት አላቸው። ነፃው ገጽ ላይ ከኤ1 (ከጀማሪ) እስከ ሲ1 (ከፍተኛ) ደረጃቸው ሁሉ ተጽፏል። ይህ ለፈተና ለሚዘጋጅ ልጅ ትልቅ እረፍት ነው። ማንም የማይጠቀምበትን ብርቅ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድድ ከሚያድር፣ ምልክት ያለበትን ቃል በደንብ ቢያውቅ ይሻለዋል።

በደንብ ማወቅ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አድሬስ ያሳያል። ልጆቹ ሁሉ «አድራሻ» መሆኑን ያውቃሉ። ስብሰባና ቴሌቪዥን ላይ ግን «ችግሩን አድሬስ ማድረግ አለብን» ሲባል ይሰማሉ፤ ግራ ይገባቸዋል። መጽሐፉ የግሡን ፍቺዎች በተራ ይዘረዝራል። ችግርን አስቦበት መፍትሔ መፈለግ የሚለውንም ያገኙታል፤ አጠገቡም መደበኛ ንግግር ላይ የሚሠራ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት አለ። እኔ ምሳሌውን አስገለብጥና፣ በዚያው ልክ ስለ ሰፈራቸው ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ አደርጋለሁ። አንዷ ስለ ውሃ መጥፋት ጻፈችልኝ። ቃሉ የእሷ የሆነው ያኔ ነው።

ስለ ድምፁ ብዙ አልልም። ገጹ ላይ የእንግሊዝና የአሜሪካ አነጋገር ተጭነው ይሰማሉ። «ቬጂቴብል» እያለ ያደገ ልጅ ቃሉ «ቬጅተብል» መሆኑን በጆሮው ይሰማል፤ ያ ይበቃል።

ጉድለትም አለው። አድቫንስድ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ገዝታችሁ አታስጨንቁት። የቃሉን አነባበብ የሚያሳዩት ምልክቶች ካልተማሯቸው አይነበቡም። ምሳሌዎቹ የእንግሊዝ አገር ኑሮ ይበዛባቸዋል። የዕፅዋትና የእህል ስም ላይ ደግሞ ጨርሶ አይረዳንም። ባርሊ የሚለውን ፈልጉ፤ ለምግብ፣ ለቢራና ለዊስኪ የሚሆን እህል ነው ይላችኋል። ልጁ ያንን አንብቦ ስንዴ ይሁን ማሽላ አያውቅም። የእንግሊዝኛ-አማርኛው ግን «ገብስ» ብሎ ይገላግለዋል። ስለዚህ አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 ያወጡትን የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ከጎን አስቀምጡ። በዚያው ዓመት የወጣው የዎልፍ ሌስላው ትልቁ መዝገበ ቃላት ደግሞ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነአማርኛው ያሳያል። ለእኛ ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አላየሁም። እኔ ያገኘሁት ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ልጅ ቦርሳ ውስጥ የሚከተት አይደለም። አንድ ሰው በዚያ መንገድ ለዛሬ ተማሪ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አነስ አድርጎ ቢሠራልን ምንኛ ደስ ባለኝ።

የታተመውን ኦክስፎርድ የምትፈልጉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን እዩ። አዲሱን እትም ካላገኘን ብላችሁ አትድከሙ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2005ቱ ሰባተኛ እትምም፣ የ2010ሩ ስምንተኛም ለትምህርት ቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከዋጋው በፊት ግን ገለጥ አድርጉ። ኮፒ ተደርገው የሚሸጡ አሉ፤ ፊደላቸው ደብዝዞ፣ ምልክቶቹ ጠፍተው፣ አንዳንዴም ገጽ ጎድሎ። ዲስከስ ያለበትን ገጽ አውጡ። በማስጠንቀቂያው ውስጥ የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ጥርት ብሎ ከታያችሁ ግዙት።